የጋራ መደርደሪያ

ግራንት ዊልኪ ከመላጫ ብሩሹ ውስጥ አንድ ፀጉር በጥፍሩ መዞ አወጣና ወደ መብራቱ አስጠጋው። ቀይ ነው፣ ጥቅልል ያለ። የእሱ ፀጉር ወርቃማና ቀጥ ያለ ነው። ትናንት ያወጣው ነጭ ነበር፤ ከትናንት ወዲያ ደግሞ ጥቁር።

ብሩሹን የገዛው ለቅንጦት አልነበረም። ወርቅ ማውጫው ውስጥ፣ ከመሬት በታች የሚሠራ ሰው የአቧራ ጭምብሉ ፊቱ ላይ ግጥም ማለት ስላለበት ጢም ክልክል ነው። ግራንት ግን ባለ አምስት ስለቱ የፕላስቲክ መላጫ ፊቱን በብጉር ሞልቶት በደንብ መላጨት አቅቶት ነበር። የጭምብሉን ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሦስተኛው ዓርብ ነው። እሱን ከወደቀ ወደ ቤቱ ይሸኛል፤ ተመልሶም አይመጣም።

የመከረችው ሠራተኞቹ የሚያድሩበት ካምፕ ነርስ ናት።

«የአያቶቻችንን ዓይነት ግዛ» አለችው። «ባለ አንድ ምላጩን የብረት መላጫ፣ ደህና ሳሙና፣ ብሩሽ። አረፋውን በሙቅ ውሃ ምታና ቀስ ብለህ ላጭ። ብሩሹን ግን ሻንጣ ውስጥ እንዳትቆልፍበት፣ ይሸትብሃል። አየር ያግኝ።»

ለሁለት ሳምንት ፊቱ የልጅ ፊት ሆነ። ከዚያ የዕረፍት ሳምንቱ ደረሰና ብሩሹን መደርደሪያው ላይ እንዳቆመው ወደ ቤቱ፣ ወደ ፐርዝ ከተማ በረረ። ከተመለሰ በኋላ ነው ፀጉሩ የጀመረው። ብጉሩም ተመለሰ፤ ያሁኑ ግን መግል የቋጠረ፣ ትራስ የሚያበላሽ ነው። ጠዋት ጠዋት የትራሱን ልብስ ሲያይ ራሱን ይጸየፍ ነበር።

መታጠቢያ ቤቱ በረንዳው ላይ በሁለት ክፍሎች መሃል ያለ፣ መደርደሪያውም ሳይቀር የጋራ ነው። ጎረቤቱ ሌን ፐርዲ የሌሊት ፈረቃ ስለሆነ ግራንት አይቶት አያውቅም። የሚያውቀው በግድግዳው በኩል ጉሮሮውን ሲጠርግ ነው። ይጠርጋል፣ ያጠራቅማል፣ ይተፋል።

ግራንት ነገሩን ለማረጋገጥ ሳሙናው ላይ በጥፍሩ ምልክት አደረገ። ከሥራ ሲመለስ ምልክቱ እንዳለ ነው። ብሩሹ ግን እርጥብ ነው፣ በረኪና በረኪና ይሸታል።

«የራሱን ሳሙና ነው የሚጠቀመው» አለ ለራሱ። «ያውም የማይረባ።»

ብሩሹን ወደ ክፍሉ መውሰድ ይችል ነበር። አልወሰደም። የመደርደሪያው እኩሌታ የእኔ ነው ብሎ ድርቅ አለ።

ካምፑን የሚያጸዱት አክስቴ ሳሎቴ የሚባሉ፣ ከቶንጋ ደሴቶች የመጡ ሴት ናቸው። ሰው ሁሉ ይወዳቸዋል። ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ሻምፑም ይሁን ነጠላ ጫማ ወይም ያልተነካ ብስኩት መደርደሪያ ላይ ትቶላቸው ይሄዳል፤ የካምፑ ወግ ነው። ሰሞኑን ደግሞ የእነ ግራንት ሽንት ቤት እስከ ክዳኑ ማጠፊያ ድረስ ነጭ ሆኗል። አንድ ቀን ግራንት ልብስ ማጠቢያው ጋ አገኛቸው።

«አክስቴ፣ ይሄ ጎረቤቴ አያስቸግርዎትም?»

«ወንድ ሁሉ ያስቸግራል፣ ልጄ» አሉት። «የናንተስ ደህና ነው። የዘጠኝ ቁጥርን ብታይ ምሳህን ትመልሰዋለህ።»

ረቡዕ ጠዋት ቁርስ ሰልፍ ላይ አንድ ባልደረባው ሌንን አሳየው። ሌን ከመሬት በላይ የሚሠራ ሾፌር ስለሆነ ጭምብል አያስፈልገውም። ጢሙ ደረቱ ድረስ ወርዷል። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፤ ሁሉም አለበት። የእንቁላል ፍርፋሪም አለበት። ግራንት ሳህኑን አስቀመጠ።

«ብሩሼን ተውልኝ።»

«የምን ብሩሽ?»

«ጢምህን የምታሽበትን።»

ሌን ሳቀ፤ ፍርፋሪው ረገፈ። «ይሄን ጢም? ይሄን እኮ ዝናብ ካልሆነ ውሃ አይነካውም፣ ወንድሜ።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሸኛል ብሎ ግራንት ደሙ ፈላ። ከብሩሹ እያወጣ ያጠራቀማቸውን ፀጉሮች በትንሽ ፌስታል ይዞ የካምፑ ኃላፊ ሼሪል ጠረጴዛ ላይ ዘረገፋቸው።

«ኧረ በናትህ አንሣልኝ» አለች ሼሪል አፍንጫዋን ይዛ። «ምሳ የምበላበት ጠረጴዛ ነው።»

«ዓርብ ፈተና አለብኝ። በዚህ ሰውዬ እድፍ ምክንያት ሥራዬን ላጣ ነው።»

ሼሪል ሌንን ጠርታ ጠየቀችው። አላደረግሁም አለ፤ እሷ ግን ክፍል እንዲቀይር አዘዘችው። ሐሙስ ማታ ዕቃውን አንጠልጥሎ፣ ጩኸት ወደማያስተኛበት፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ ወዳለው ክፍል ተዛወረ። ግራንት በረንዳው ላይ ቆሞ ሲሄድ አየው፣ ቅንጣት አላዘነለትም። ብሩሹን በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠበና ቦታው መለሰው።

ዓርብ ጠዋት ሳይላጭ ሥራ ገባ፤ ፈተናው ከሰዓት ስለሆነ ልክ ከዚያ በፊት ሊላጭ ፈልጎ ነው። አለቃው ረፋድ ላይ ለቀቀው። በዚህ ሰዓት ካምፑን አይቶት አያውቅም፤ በረንዳው ጭር ብሏል። መታጠቢያ ቤቱ ገብቶ በሩን ቆለፈ። ብሩሹን አገላብጦ አየው። አንድም ፀጉር የለም። ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ አለው።

አረፋውን በሙቅ ውሃ መታ። አገጩን ቀባ፣ ጉንጮቹን ቀባ፣ ከአፍንጫው ሥር ደጋግሞ አሸ። ከንፈሩ ላይ የቀረውን በምላሱ ጠረገው። መላጫውን ሲያነሣ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«ሳሎቴ ነኝ።»

«ይቅርታ አክስቴ፣ አሁን እጨርሳለሁ።»

«አትቸኩል ልጄ፣ እስከዚያ የዘጠኝ ቁጥርን ሽንት ቤት ልሥራ፤ ብቻ በሩን ገርበብ አድርገህ መደርደሪያው ላይ ያለችውን ትንሿን ብሩሼን አቀብለኝ፣ ከመቀመጫው ሥር ገብታ የምትፍቅልኝ እሷ ብቻ ናት።»