ግማሽ ክዳን በረኪና

ዶክተር አበረ የልጄን ሻሽ ሲፈታ እኔ ዓይኔን ወለሉ ላይ ተከልኩ። ጠዋት ራሴ የወለወልኩት ነው፤ ያብረቀርቃል። አሥራ ሁለት ዓመት በዚህ ክሊኒክ ሳጸዳ "የብርጓል፣ እዚህ ጋ ቆሽሿል" ያለኝ ሰው የለም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንደኔ የሚያጸዳ ካለ ይምጣ!

"እንዴ!" አለ ዶክተሩ።

የአይናለም ጉንጮች ተልጠው ቀልተዋል። ግንባሯ ላይ መግል ቋጥሯል።

"ምንድን ነው የተቀባሽው?"

የተፈታውን ሻሽ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። እኔስ ምን ልበል? ብጉሩ የጀመራት ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ነው። የክፍሏ ልጆች "ሽሮው ፈላ" እያሉ ሲቀልዱባት እያለቀሰች ትመጣ ነበር። ዘመድ ሊስማት ሲጠጋ እንኳ ጉንጯን በሻሽ ትሸፍናለች። "እማ፣ በፈጠረሽ አንድ ነገር አድርጊልኝ" ትለኛለች።

አንድ ቀን ታዲያ ኮሪደሩን ስወለውል፣ ይኸው ዶክተር አንዲቱን ታካሚ "ብጉርሽ ውስጥ ባክቴሪያ አለ" ሲላት ሰማሁ። ባክቴሪያ! እኔ ባክቴሪያ ስገድል አይደል እንዴ የምውለው? ማታውኑ በአንድ ኩባያ ውኃ ግማሽ ክዳን በረኪና ጠብ አድርጌ በጥጥ አጠብኳት። "ያቃጥላል፣ እማ" ስትለኝ "እየሞተ ነው፣ ቻይው" አልኳት። በሦስተኛው ቀን ብጉሩ ደረቅ አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ይበልጥ ይድረቅ ብዬ ክዳኑን ሞላሁት። ሳምንት ሳይሞላ ቆዳዋ ተላጠ።

"በረኪና ነው፣ አይደል?" አለ ዶክተሩ።

"አዎ" አለች ልጄ። "ጓደኞቼ ነግረውኝ ነው። ራሴ ነኝ።" ወደኔ ዞር እንኳ አላለችም።

ዶክተሩ ወንበሩን ወደሷ ሳበ። "ስሚኝ፣ አይናለም። ባክቴሪያ የሁሉም ሰው ቆዳ ላይ አለ። የኔም ላይ አለ። ብጉር የሚመጣው የፊትሽ ወዝ በዝቶ ቀዳዳው ሲደፈን ነው፤ ያን ጊዜ አንዳንዱ ያስቸግራል። አብዛኛው ግን ጠባቂሽ ነው። ቦታውን ይዞ ክፉውን አያስገባም። አንቺ ጠባቂዎቹን ጨረስሻቸውና ይኸው ክፉው ገባ።" ግንባሯን አሳያት። "የመጀመሪያዎቹን እኮ ያገኘሻቸው ከእናትሽ ነው። ስትወለጂ፣ አቅፈው ሲስሙሽ።"

ወይኔ የብርጓል! ምነው እጄን በቆረጠው።

"ጠባሳ ይሆናል?" አለች አይናለም፣ ቀስ ብላ።

"ቁስሉ ይድናል። ጠባሳውን እናያለን።" ካርዷ ላይ መጻፍ ጀመረ። "ምናለ እናትሽን ብትጠይቂ ኖሮ? ክሊኒክ እኮ ነው የሚሠሩት። እሳቸው ይነግሩሽ ነበር።"

ይቺን ግን አልቻልኳትም።

"እኔ ነኝ፣ ዶክተር" አልኩ። "እሷ ምንም አላደረገችም። በረኪናውን ከዚሁ ወስጄ ያጠብኳት እኔ ነኝ።"

እስክሪብቶው ቆመ። "እርስዎ?" አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መድኃኒቱን ጽፎ ጨረሰና ከመሳቢያው ቫዝሊን አውጥቶ ሰጠኝ። "በረኪና ቀርቶ ሳሙናም አይንካት። ለጊዜው በውኃ ብቻ ትታጠብ። ይሄን ሳሳ አድርገው ይቀቧት" ብሎኝ ወደሚቀጥለው ታካሚ ሄደ።

በጣቴ ጫፍ ቫዝሊን ወስጄ ወደ ጉንጯ አስጠጋሁ። አይናለም ዓይኗን ጨፈነችና አንገቷን ወደ ኋላ ሳበች።

"አመመሽ? ገና አልነካሁሽም እኮ።"

"አይ… እጅሽ ይሸታል፣ እማ።" ወዲያው ደነገጠች። "በረኪናው ነው። አንቺን ማለቴ አይደለም።"

ጣቶቼን አሸተትኩ። ለኔ ምንም አይሸተኝም፤ ለምጄዋለሁ። ቫዝሊኑን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላትና እጆቼን ነጠላዬ ሥር ከተትኩ። ያለ መስታወት፣ በዳበሳ ትቀባ ጀመር።

"ከአገጭሽ በላይ ቀርቷል፣ ልጄ" አልኳት ካለሁበት ሆኜ። "ወደ ግራ… ትንሽ ከፍ አድርጊው… አዎ፣ እዚያ ጋ።"