የሾፌሩ ልጅ የት ሄደች?

ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም... ለገዛ እህቷ እንኳ።

የሲኒማ አዳራሹ ሞልቷል። መብራቱ ሊጠፋ ነው።

ከጎኗ የተቀመጠው አባቷ በረድፍ የተደረደሩትን ወንበሮች ዞር ዞር ብሎ አየ።

«መኪናው ሞልቷል እኮ! ሾፌሩ ምን ይጠብቃል?»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። እሷ አንገቷን ደፋች።

ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ መርሳት ጀመረ... መጀመሪያ የበሩን ቁልፍ፣ ቀጥሎ የሰፈሩን መንገድ፣ በመጨረሻ እሷን።

የእሷ ሥራ ደግሞ አኒሜሽን፣ በሥዕል የሚሠራ ፊልም ነው። ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጥ ለሚያልፍ ነገር ቀኑን ሙሉ ስትስል ትውላለች።

የአባቷን ነገር በአፏ ማውራት ስለከበዳት... ሳለችው።

አጭር ፊልም ናት። አንድ ሽማግሌ ሾፌር አውቶቡስ ይነዳል። በየፌርማታው አንድ ተሳፋሪ ይወርዳል፤ የወረደው ሰው ፊት ከሾፌሩ መስታወት ላይ ይጠፋል።

መጨረሻ ላይ አውቶቡሱ ባዶውን ይቀራል።

ሥራው ዓመታት ፈጀ። አባቷን የምትንከባከበው ሴትዮ በደወለች ቁጥር መልሷ አንድ ነበር።

«ይቺን ትዕይንት ልጨርስና እመጣለሁ።»

አንዱ ትዕይንት ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል...

ራሷን ግን ፊልሙ ውስጥ አላስገባችም። አፈረች። ሰው እንዴት ራሱን ይስላል?

መብራቱ ጠፋ፤ ፊልሟ ጀመረ።

አባቷ ዓይኑን ከሸራው ላይ አልነቀለም። የፊልሙ ሾፌር ፍሬን ሲይዝ የእሱም እግር ወለሉን ይጫናል።

ባዶው አውቶቡስ ሲታይ ግን ጉንጩ ረጠበ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«የኔ እመቤት... ይሄ ሰውዬ ልጅ የለውም እንዴ?»



በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷን አንቱ አለችው።

«አለችው፣ አባባ። አይዘኑ።»

«ታዲያ የት ሄዳ ነው?»



«እሱን... እየሳለችው ነው።»

«ኧረ! ሰውዬው እዚህ ቁጭ ብሎ?»

ዓይኑን ወደ ሸራው መለሰ።

«ይሁን... ስትጨርስ ትመጣለቻ?»

«ትመጣለች።»

«ቶሎ ብትል ነው የሚሻላት። መኪናው ወደ ማደሪያው ሊገባ ነው።»

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። መድረክ ላይ ጠርተው «አባትሽ ፊልሙን አይተው ምን አሉ?» ሲሏት፣

«ደስ ብሎታል» አለች።

እስከ ዛሬ ለጠየቃት ሁሉ የምትለው ይህንኑ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስቱዲዮ አዲስ ሥራ ይጠብቃት ነበር። ደወለችና «ዛሬ አልመጣም» አለች። ለምን ሲሏት ስልኩን ዘግታ ወደ አባቷ ቤት ሄደች።

ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እጆቹ መሪ የያዙ ይመስላሉ።

እንደ ወትሮው «አባዬ፣ እኔ ማን ነኝ?» ብላ አላስጨነቀችውም።

ከምግብ ጠረጴዛው ሥር አንድ ወንበር ስባ ልክ ከኋላው ተቀመጠች።

መስታወት እንደሚያይ ሰው ቀና አለ።

«የት ነው የምትወርጂው፣ የኔ እመቤት?»



«እስከ መጨረሻው ነኝ።»

«ውይ፣ ሩቅ ነው እኮ...» አለ። «በይ ተመቻችተሽ ተቀመጪ።»

ወገኖቼ... ወላጆቻችን ስማችንን ሊረሱ ይችላሉ፤ ከኋላቸው ያለው ወንበር ባዶ መሆኑ ግን ይታወቃቸዋል። ስለ እነሱ የምንለጥፈው ፎቶና የምንጽፈው ናፍቆት እነሱ ዘንድ አይደርስም... እኛው ካልደረስን በቀር።

እናንተስ፣ «ይቺን ልጨርስና እመጣለሁ» ብላችሁ ያቆያችሁት ሰው ማን ነው? ኮመንት ላይ ንገሩን...

ከመጻፋችሁ በፊት ግን ደውሉለት።