አስረኛው ጎዝ

"ዘጠኝ ነው ዶክተር! አንድ ጎዝ ይጎድላል..."

"ድጋሚ ቁጠሪ!"

"ሦስቴ ቆጠርኩት። አስር ገብቶ ዘጠኝ ነው የወጣው። እባክዎ አይስፉት..." አለች ነርሷ።

ዶክተሩ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ሌላ ሆስፒታል ሌላ ኦፕራሲዮን ይጠብቀዋል።

"አንቺ መቁጠር አትችይም፣ እኔ ደግሞ አንቺን የማስተምርበት ጊዜ የለኝም!"

የተኛችውን ሴት ሆድ ሰፍቶ ወጣ። ሴትየዋ ልብስ ሰፊ ናት፣ የሦስት ልጆች እናት።

ጎዝ በኦፕራሲዮን ጊዜ ደም የሚመጠጥበት ጨርቅ ነው። ሲገባም ሲወጣም ይቆጠራል። ነርሷ አስራ አንድ ዓመት የቆጠረችው ይህንኑ ነው። ቅጹ ላይ "ዘጠኝ" ብላ ጽፋ ፈረመች።

በሦስተኛው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ ሆዷ አብጦ፣ ቁስሏ ሸትቶ ተመለሰች።

ሌላ ሐኪም ከፍቶ ሲያይ... አስረኛው ጎዝ እዚያው በስብሶ ቁጭ ብሏል። አንጀቷ ተቆርጦ በስንት መከራ ነፍሷ ተረፈች።

ባሏ ከሰሰ። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠ።

ዶክተሩ ምን ቢል ጥሩ ነው?

"ሲስተር 'ሙሉ ነው' ስላለችኝ ነው የሰፋሁት!"

ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ ሽምጥጥ!

ቅጹ ይምጣ ተባለ... የታካሚዋ ካርድ ውስጥ የለም።

ማደንዘዣ ሰጪው ይመስክር ተባለ... ጫማውን እያየ "እኔ ማሽኔ ላይ ነበርኩ፣ አልሰማሁም" አለ።

የበሰበሰ ጎዝ ይሸታል... ይሄ "አልሰማሁም" ግን ከሱ ይብሳል።

ዶክተሩ ነጻ ወጣ። ነርሷ "መቁጠር የማትችል" ተብላ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ድርሽ እንዳትል ታግዳ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተወረወረች።

እዚያም አንሶላ ቆጠረች። በስምንት ወር አንድም አንሶላ አልጠፋባትም!

አንድ ቀን የነርሶቹ አለቃ ወረቀት ይዛ መጣች።

"ነገ ኦፕራሲዮን ክፍል ትፈለጊያለሽ እህቴ።"

"ታግጃለሁ እኮ!"

"በሽተኛው ነው የጠየቀው። እገዳ ስላለብሽ ምክንያትህን በጽሑፍ አምጣ አልነው፣ ጽፎ ፈርሞ አመጣ። እንኪ አንብቢው።"

አነበበችው...

"የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮኔ ላይ ጎዝ የምትቆጥረው እሷ ካልሆነች አልገባም። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ቆጠራ ስትሳሳት አይቼ አላውቅም።"

ፊርማው... የዶክተሩ!

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ! ፍርሃት የማያስጽፈው የለም።

"የራስህ ጉዳይ በይው!" አለቻት አለቃዋ።

ነርሷ ግን ገባች። ዶክተሩ አልጋው ላይ ተጋድሞ እጇን ያዝ አደረገ...

"ሲስተርዬ፣ በደንብ ትቆጥሪያለሽ አይደል?"

ይቅርታ እንኳን አልወጣውም!

"ያን ቀንም በደንብ ቆጥሬ ነበር ዶክተር።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አስር ገባ... አስር ወጣ። ጮክ ብላ ቆጠረች፣ ጽፋ ፈረመች።

በማግስቱ ዶክተሩ ፈርሞ ያመጣውን ወረቀት ኮፒ ይዛ ኮሚቴው ፊት ቆመች።

ሰብሳቢው ሁለቴ አነበበው... ማደንዘዣ ሰጪውን እንደገና አስጠራው።

ማደንዘዣ ሰጪውም በድንገት ጆሮው ተከፈተለት! "አሁን ትዝ አለኝ፣ 'ዘጠኝ ነው' ስትል ሰምቻለሁ" አለ። ቱ!

የዶክተሩ የሙያ ፈቃድ ተነጠቀ። ነርሷ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ልብስ ሰፊዋ ግን እስከ ዛሬ ስፌት መኪናዋ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ መቀመጥ አትችልም።

ወዳጆቼ... በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባላል። የሰው ሆድ ሲሆን ሰዓት አይቶ ሰፋ፣ የራሱ ሆድ ሲሆን "እሷ ካልቆጠረች አልገባም" አለ። ሐቀኛን ሰው "ውሸታም ነው" ብሎ ስሙን የሚያጠፋው፣ ነፍሱ ስትጨነቅ የማንን በር እንደሚያንኳኳ አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ዘጠኙን ዘጠኝ በሉ፣ ልብስ ማጠቢያ ቢያስወረውራችሁም!

እስቲ በሐቅ መልሱልኝ... እናንተ በነርሷ ቦታ ብትሆኑ፣ ለዚያ ሰውዬ ጎዝ ትቆጥሩለት ነበር ወይስ አንሶላችሁን ታጥፉ ነበር?