ክፍት መስመር

በኮሮና ጊዜ ዓርብ ዓርብ አማን ውስጥ ከቤት መውጣት ክልክል ነበር። ስለዚህ ናርዶስ በየማዳሙ ቤት ለተዘጉት የጸሎት ጓደኞቿ የድምፅ መስመር ዘረጋች። ኮምፒውተር የተማረች ናት። አሠሪዋ በሰጠቻት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ለእያንዳንዷ ሴት በስሟ አንድ መስመር አዘጋጅታለች። ስሞቹን ሙሉ አትጽፍም። «ስታርት» ብላ ጽፋ ታብ የሚባለውን ቁልፍ ስትጫን ማሽኑ የተዘጉትን መስመሮች ብቻ ይዘረዝርላታል፤ «ስቶፕ» ብላ ስትጫን ደግሞ የተከፈቱትን ብቻ።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ሜሪ ቀድማ ደወለች። እህቷ ከበቡሽ ካረፈች ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ መስመሯም ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም።

«ስሟን አጥፊልኝ፣ ናርዲዬ። ዝርዝሩ ላይ ባየሁት ቁጥር ልደውልላት ይቃጣኛል።»

«እሺ የኔ እህት፣ ሌሎቹ ሳይገቡ አሁኑኑ።»

ናርዶስ የከበቡሽን ፋይል ሰረዘች። ስታርት ብላ ታብ ስትጫን ሰባት ስም ወጣ፤ የከበቡሽ የለበትም። «ኻላስ፣ ጠፍቷል» አለች። ከዚያ እንደ ልማዷ ስቶፕ ብላ ታብ ተጫነች። ገና ማንንም ስላልከፈተች ምንም መውጣት አልነበረበትም።

ከበቡሽ የሚል ስም ብቻውን ወጣ።

መስመሩን ዘጋችው። ደግማ ታብ ስትጫን ያው ስም ወጣ። ሜሪ በስልኩ ታለቅሳለች። ናርዶስ የላፕቶፑን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ናርዲ፣» አለ የምታውቀው ድምፅ በቀስታ፣ «ሜሪን አታልቅሺ በያት እስቲ።»