የከርከሮው ተኩስ

ከርከሮ የድንች ማሳውን እየቆፈረ ያስቸገረውን ገበሬ፣ ድንበር ገፋህ ተባብለው የተኳረፉት ጎረቤቱ ጋሽ ደምለው፣ «ሳይነግረን እየተኮሰ ከብቶቻችንን አስደነበረብን» ብለው ከሰሱት። ፖሊስም ከርከሮ ሊገድል ሲነሳ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ አዘዘው።

እያጉረመረመ ጣቢያ ሄዶ አሳወቀ። ሲመለስ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ጎህ ሲቀድ ከድንች ማሳዬ ተኩስ ብትሰሙ ከርከሮ ነው። ደግሞ ሮጣችሁ እንዳትከሱኝ» አለ።

«ገና አሁን ሰው ሆንክ» አሉት ጋሽ ደምለው።

ጎህ ሲቀድ ተኩሶ ሳተው። ከርከሮው ጭኑን ዘንጥሎት ሄደ። ደሙ አልቆም ሲለው፣ እንደ አገሩ ወግ «ድረሱልኝ» ለማለት ጥይቱን ወደ ሰማይ ደጋግሞ ለቀቀው።

የጋሽ ደምለው ሚስት ከመኝታዋ ብድግ አለች። «ኧረ ይኼ የድረሱልኝ ተኩስ ነው፤ ይነሱ እንጂ።»

ጋሽ ደምለው ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ሳቡ።

«ተኚ፤ ዛሬ አሳውቆ ነው የሚተኩሰው።»