እርጥቡ ወለል

ሽማግሌው እርጥቡ ወለል ላይ ተንሸራተው፣ የግድግዳውን መስታወት ከነምስማሩ ነቅለው ዘጭ ሲሉ፣ የፀጉር ቤቱ ባለቤት «እኔን!» ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። ቤቷ ውስጥ ደንበኛ ቢጎዳ የሚክስ ኢንሹራንስ የሸጠላት ወኪል፣ «ሰው ቢወድቅ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ጥፋቷን አመነች ይሉሻል» ብሏት ነበር።

ደግሞስ እኚህ ሰው ማናቸው? ከመግባታቸው በፊት፣ በሩ ላይ የለጠፈችውን የኢንሹራንስ ወረቀት አንገታቸውን አስግገው ሲያነቡ አይታቸዋለች። የወደቁት በቀኝ ጎናቸው፤ እያሹ የሚያቃስቱት ግን ግራ ጉልበታቸውን! «ብልጥ ለብልጥ፣ ዓይን ብልጥጥ» አለች በሆዷ። ደረቁን ፎጣ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እጇን ሳትዘረጋላቸው ቁልቁል አፈጠጠችባቸው።

ድንገት ማቃሰታቸውን አቆሙ። ዓይናቸው ነጠላ ጫማዋ ላይ ተተከለ። የመስታወቱ ስባሪ አውራ ጣቷን ቆርጦት ደሟ ይወርዳል፤ እሷ ልብ አላለችውም።

«እኔን! እኔን ልጄ!» አሉ፣ በዚያው ባመማቸው ጉልበት እየዳኹ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ መስታወቱን የጣልኩት እኔ ነኝ።» የአንገት ልብሳቸውን ፈትተው እግሯን ይጠቀልሉላት ጀመር። ደረቁ ፎጣ አሁንም እሷ ደረት ላይ ነበር።