የጥጃ በር

የግብርናው ሠራተኛ የእሾህ አጥሩን ሲዞር ቆይቶ ከአንዲት ዝቅተኛ በር ፊት ቀጥ አለ። መንግሥት መሬቱን አጥሮ ላስከበረ ሁሉ ስንዴ እሰጣለሁ ስላለ፣ ኦቦ ዋርዮ በሊበን ሜዳ ላይ ብቻቸውን ግራር ጎትተው ያጠሩት ነው።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት፣ አባቴ?»

«የጥጃ በር ናታ! ከሎ አጥሩ አላላችሁም?»

«ክልል ነው ያልነው፤ መሬቱ እንዲያገግም የሚከለል! ከሎ እናንተ ለጥጃ የምታጥሩት ግጦሽ ነው፤ እዚህ ግን ከብት ዝር አይልም። ደግሞስ ድርቁ የትኛውን ጥጃ አስቀረልዎትና ነው? ይድፈኗትና ስንዴዎን ይውሰዱ።»

ኦቦ ዋርዮ ሊደፍኗት በበሯ ጎንበስ ብለው ገቡ። የቦረና በር ከብቱ ከገባ በኋላ ከውስጥ ነው የሚዘጋው፤ እጃቸውም የሚያውቀው ይህንኑ ነበር። የግራሩን ቅርንጫፍ በግንዱ ይዘው ሳቡት፤ እሾህ ከእሾህ ተያይዞ ግጥም አለ። በልማድ ጥጆቹን ሊያዩ ዘወር አሉ፤ ሣሩ ብቻ ይወዛወዛል።

ሠራተኛው በሳቅ ፍርስ አለ። «ኧረ አባቴ፣ በራስዎ ላይ ዘጉ እኮ! አሁን በየት ሊወጡ ነው?»

ኦቦ ዋርዮ ቅርንጫፉን አልለቀቁም።

«ወጥቼስ?» አሉ። «ውጭ ማን አለኝ?»